የገለታ ከረጢት ሲገኝ የእኔ ስለተረሳበት ሁኔታ

ለተከበሩ የጤና ጣቢያችን ኃላፊ
ጉለሌ

ጉዳዩ፦ ምስጋና፣ ቅሬታና ቅናት ስለማቅረብ

ክቡርነትዎ ሆይ፣

ይህ ክፉ የሐምሌ ብርድ እርስዎን፣ መላ ቤተሰብዎንና በተለይም ወገብዎን እንዴት ይዟችኋል? ለጤናዎ ያለኝ ምኞት ከልቤ ነው፤ እርስዎን የመሰለ ሰው ታሞ ከእኛ ጋር በዚያ ኮሪደር አግዳሚ ወንበር ላይ ከጠዋት እስከ ቀትር ተራ ሲጠብቅ ማየት ለእኔም ከባድ ነው፣ ለወንበሩም እንግዳ ነገር ነው። የጤና ጣቢያውን ስም ያልጻፍኩት ፈርቼ ሳይሆን አክብሬ ነው። ደግሞም የሰፈራችን ሰው ሳልነግረው ያውቀዋል።

እኔ ዘርዓብሩክ አጥናፉ እባላለሁ። በሽሮ ሜዳ፣ ከዋናው መንገድ ሱቆች ጀርባ ባለው የሸማኔዎች ግቢ ውስጥ ሠላሳ አንድ ዓመት ሸማ ሠርቻለሁ። ሥራችንን ቀርበው አይተውት ካላወቁ፣ ሸማኔ ጉድጓድ አፋፍ ላይ ይቀመጥና እግሮቹን ወደ ውስጥ ሰድዶ ሁለት መርገጫዎችን በየተራ እየረገጠ፣ በእጁ ደግሞ መወርወሪያውን ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከቀኝ ወደ ግራ ሲያመላልስ ይውላል። ግራ እግር በተራው ካልረገጠ ድሩ አይከፈትም፣ ድሩ ካልተከፈተም ሸማ የሚባል ነገር የለም። ይህን የማወራው ለመኩራራት አይደለም፤ የማመለክተው ስለ ግራ እግሬ ስለሆነ ነው።

ቀጥዬ ገለታን ላስተዋውቅዎ። ገለታ ሾዴ ከእኔ ቀጥሎ ባለው ጉድጓድ የሚሠራ ሸማኔ ነው። ከሱሉልታ በኩል መጥቶ ሙያውን ከአማቱ የተማረ፣ ደግ፣ ሥራ ወዳድ፣ ጥርሱ የማይከደን፣ በአጭሩ እንዲቀናበት ሆኖ የተፈጠረ ሰው ነው። በዕድሜ በአሥራ ሁለት ዓመት፣ በወገብ ሕመም ደግሞ በአራት ዓመት እበልጠዋለሁ። እኔ ወገቤን ይዤ ስንፏቀቅ እሱ ገና የጥጥ ጆንያ ተሸክሞ ደረጃ ይወጣ ነበር። ይህን የሚያህል ቀዳሚነት ይዤ ሳለሁ፣ ክቡርነትዎ፣ በአከርካሪ አጥንት መገጣጠሚያ ላይ የሚበቅለውን ያንን ውሃ የቋጠረ ትንሽ ከረጢት፣ ነርቭ ተጭኖ ሰውን የሚያሰቃየውን፣ ጤና ጣቢያዎ መጀመሪያ ያገኘው ለገለታ ነው። እኔም ቀናሁ። ሃምሳ ስምንት ዓመቴ ነው፣ የልጅ ልጅ አይቻለሁ፣ በሰው በሽታ ቀናሁ፤ ብደብቀው ኖሮ ይህን ደብዳቤ ባልጻፍኩ ነበር።

ቅሬታዬን እንደ ወጉ በቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ በ2011 ዓ.ም. ወገቤን ሲያመኝ ወደ እርስዎ ዘንድ መጣሁ። በካርድ ክፍል የምትሠራው ወይዘሪት ሃና ሥራዬን በትህትና ጠየቀችኝ፤ እኔም በኩራት ነገርኳት፤ እሷም ጥርት ባለ ጽሑፍ «ሸማኔ» ብላ ጻፈችልኝ። ያን ዕለት የተደረገልኝ ምርመራ ያ ብቻ መሆኑን ያወቅሁት ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። ዶክተር ኢዮሲያስ ካርዱን አዩት፣ ፈገግ አሉ፣ ከዚያም ቀኑን ሙሉ ጉድጓድ ላይ ተቀምጬ እየዋልኩ ወገቤን ባያመኝ ነበር የሚገርመው አሉኝ። ዲክሎፌናክ፣ የሚቀባ ቅባት፣ ዕረፍት። በስድስት ዓመት ውስጥ አሥራ አምስት ጊዜ ተመላልሻለሁ፤ አሥራ አምስቱንም ጊዜ ካርዴ በደንብ ታይቷል፤ ለካርዴ ስለተደረገለት ክትትል ምስጋናዬ ይድረስዎ።

ልብ ይበሉልኝ፣ ዝም ብዬ አልነበረም የምታከመው። ሕመሙ ከወገቤ ተነስቶ በግራ መቀመጫዬ በኩል አድርጎ በታፋዬ ቁልቁል እስከ ቁርጭምጭሚቴ እንደሚወርድ፣ ቆሜ ስቆይ እንደሚብስብኝ፣ ጉድጓዱ ላይ ጎንበስ ብዬ ስሠራ ደግሞ ቀለል እንደሚለኝ ለማስረዳት ሞክሬ ነበር። ወደ እንጦጦ ሽቅብ ስወጣ ደህና ነኝ፣ ወደ ስድስት ኪሎ ቁልቁል ስወርድ ግን እሞታለሁ ብዬም ተናግሬያለሁ። ይህን ስናገር ሁልጊዜ ይሳቅልኝ ነበር። ዳገት የሚቀለውና ቁልቁለት የሚከብደው ሰው ታይቶ አይታወቅም ተባለ፤ ባለቤቴ የሺ ራሷ የማርያም ምሕረት ነው፣ ወደ ቤተ ክርስቲያኗ ስትሄድ ታግዝሃለች ብላ ተርጉማልኛለች። እኔም አምኜ ሁለት ዓመት ሙሉ ሻማ አብርቻለሁ። ጎንበስ ሲሉ የተጨነቀው ነርቭ ቦታ ስለሚያገኝ እንደሚቀል የነገሩኝ ኋላ ነው፤ ዳገት ሲወጡም ሰው ጎንበስ ይላል። ማርያም ምሕረቷን አልነፈገችኝም፣ ግን የነርቭ ሐኪም ዘንድ ልካ እንድታስመረምረኝ መጠበቅ አልነበረብኝም።

ሁለተኛ፤ ገለታ። ገለታም እንደ እኔ ወገቡን አመመው፣ ወደ ግራ እግሩም ወረደበት፣ ባለፈው ዓመት ነሐሴም ዝናብ እየዘነበ ወደ ጤና ጣቢያዎ መጣ። ጋቢው ስለራሰ የሚስቱን ወንድም ካፖርት ለብሶ ነበር። የሚስቱ ወንድም በዊንጌት በኩል ጥበቃ ነው፤ ካፖርቱም ወፍራም፣ አንገቱ የቆመ፣ ትከሻው ላይ ማሰሪያ ያለው፣ አንድ ኪሎ ሜትር ላይ ሆነው የጥበቃ መሆኑን የሚለዩት ካፖርት ነው። ወይዘሪት ሃና ካፖርቱን አየችና ሳትጠይቅ «ጥበቃ» ብላ ጻፈች። ገለታ ዓይን አፋር ስለሆነ፣ ልጅቷን ከሰው ፊት ማረም ነውር መስሎት ዝም አለ።

ያ ዝምታ አዳነው። ዶክተር ኢዮሲያስ ካርዱን ቢያዩት ጥበቃ ይላል፤ ጥበቃ ደግሞ ለምን ወገቡን ያመዋል? መልሱ ካርዱ ላይ ስላልነበረ ገለታን ራሱን መጠየቅ ግድ ሆነባቸው። ከየት ተነስቶ የት ይወርዳል፣ መቼ ይብሳል፣ መቼ ይቀላል ብለው ጠየቁ። አልጋ ላይ አስተኝተው እግሩን ቀጥ አድርገው አነሱ፣ ጉልበቱን በትንሽ መዶሻ መቱ፣ አውራ ጣቱን በመርፌ ነካ ነካ አድርገው ይሰማሃል ወይ አሉት። ዳገት ይቀለኛል፣ ቁልቁለት ይከብደኛል ሲላቸው አልሳቁም፤ ጻፉት! እኔ የተሳቀብኝን ነገር ለገለታ ጻፉለት። ከዚያም ለኤምአርአይ ምርመራ ሪፈር ተባለ፤ መስከረም ላይ ከረጢቱ ተገኘ፤ ጥቅምት ላይ ትልቅ ሆስፒታል ውስጥ ተወገደለት። ጥር ሲገባ ጉድጓዱ ላይ ተመልሶ እያፏጨ ይሠራ ነበር።

ሦስተኛውን ቅሬታ በሥርዓት ላቀርብ አስቤ ነበር፣ ግን እዚህ ላይ ስደርስ ቅናቴ ብዕሬን ይቀማኛል። ስለዚህ ቁጥሩ ከዚህ በኋላ ቢዘበራረቅ ይቅርታዎን እለምናለሁ።

ያኔ መስከረም ላይ፣ ገና ቀዶ ሕክምናው ሳይደረግለት፣ ገለታ ፊልሙን ይዞት መጣ፣ ክቡርነትዎ። የኤምአርአይ ፊልሙን ግቢያችን መስኮት ላይ በልብስ መቆንጠጫ ሰቀለው። ሸማኔው ሁሉ ሥራውን ጥሎ ተሰበሰበ፤ ፈትል ይዘው የመጡ ሴቶች ሳይቀሩ ነጠላቸውን አጣፍተው አዩት። ገለታ በእርሳስ እየጠቆመ፣ ይኸ አከርካሪ ነው፣ ይኸ ነርቭ ነው፣ ይኸ ነጩ ነጥብ ደግሞ እሱ ነው ይላል፤ ትናንት ስሙን ለመፈረም የሚያልበው ሰው ዛሬ ፕሮፌሰር ሆነ። ደግነቱ ደግሞ መች ይቀራል፤ ዶክተሩ እንደነገሩት የወገብ ሕመም ሁሉ ከረጢት እንዳልሆነ፣ አብዛኛው በጊዜው እንደሚተው፣ ከረጢቱ እያለበት ምንም ሳያመው የሚኖር ሰውም እንዳለ፣ ሕመሙ ወደ እግር ከወረደና እግር ከደነዘዘ ግን ዝም ብሎ መቀመጥ እንደማይገባ ለሁሉም ያስረዳ ነበር። እኔ ጉድጓዴ ላይ ተቀምጬ ድብን አልኩ። ቤት ስገባም የሺ እራት እያቀረበች ገለታ እንዴት ቁምነገረኛ ሰው ነው፣ ሕመሙን ተከታትሎ እንዴት አሳወቀ፣ አንተ ግን ያው ቅባትህን ትቀባለህ አለችኝ። ያን ማታ ቅባቱንም አልተቀባሁ።

ገለታ በማግስቱ ወደ እኔ መጣ። ካፖርቱን አጣጥፎ በፌስታል ይዞልኛል። ልበሰውና ሂድ ነው ነገሩ፤ እሱ በአክብሮት ነው የተናገረው፣ ጋሼ፣ አሉብኝ የሚሉት ምልክት ሁሉ የእኔው ነው፣ ምናልባት እርስዎም ጋ እሱ ይሆናል ብሎ። እኔ ምን አልኩት? ሠላሳ አንድ ዓመት ሸማኔ የሆንኩ ሰው እንደ ሰው ለመታየት የሰው ካፖርት አልለብስም ብዬ መለስኩለት። ንግግሬ ሲሰሙት ኩራት ይመስላል። አልነበረም። ከገለታ ቀጥዬ፣ የገለታን ካፖርት ለብሼ፣ በገለታ መንገድ ሄጄ፣ የገለታን በሽታ ይዤ መመለስ አንጀቴ እምቢ አለኝ እንጂ። ግቢው ሁሉ በከረጢትም ተመቀኘው እንዳይለኝ ነበር የፈራሁት። ፌስታሉ መስከረም ላይ መጣ፤ እኔ እስከ የካቲት አልነካሁትም።

የካቲት ላይ የሆነውን በአጭሩ እነግርዎታለሁ፣ ማስረዘም አልወድም። ከግቢያችን ወጥቼ ወደ ታክሲው በሚወስደው ኮረኮንች ቁልቁል እየወረድኩ ነበር። ሰዎች ያዩኛል፤ ምን ሆነው ነው እላለሁ። ከኋላዬ ሰው እየሮጠ መጣ፤ ገለታ ነበር፣ ቀዶ ሕክምና ካደረገ ገና አራት ወሩ ነው፣ ግን ይሮጣል። በእጁ ጫማ ይዟል።

«ጋሼ፣ ጫማዎን ጥለው ሄዱ እኮ» አለኝ።

ዝቅ ብዬ አየሁ። ግራ እግሬ ባዶ ነው። ካልሲው ተቀዷል፣ አውራ ጣቴ ደምቷል። ስንት እርምጃ እንደሄድኩ አላውቅም፤ ገለታ ጫማውን ያነሳው ከግቢው በር አጠገብ ነው። ክቡርነትዎ፣ ድንጋዩ አልተሰማኝም። ገለታ መንገድ ላይ በርከክ ብሎ ጫማዬን ሲያደርግልኝ እኔ አናቱን እያየሁ ስለ ወገቡ እቀና ነበር፤ እንዴት እንደዚያ ታጥፎ ይነሳል እያልኩ። ያን ዕለት ብቻ ነው ራሴን የፈራሁት።

በማግስቱ ካፖርቱን ለበስኩ። ካርዴ ጠፍቷል አልኩ፣ ወይዘሪት ሃናም ካፖርቱን አይታ ያው እንደ ወትሮዋ ሳትጠይቅ ጻፈችልኝ። ዶክተር ኢዮሲያስ ዘንድ ገባሁ። ለስድስት ዓመት አሥራ አምስት ጊዜ ፊታቸው የተቀመጥኩ ሰው ነኝ፤ አላወቁኝም። በዚህ ግን አልቀየምኳቸውም፤ ከዚያ በፊት አይተውኝ ስለማያውቁ ነው። ጠየቁኝ፣ አስተኙኝ፣ ጉልበቴን መቱ፣ አውራ ጣቴን ነኩ፤ እኔም መርፌው የነካኝ መቼ እንደሆነ ስላላወቅሁ ጣሪያውን እያየሁ ዝም አልኩ። ያኔ ፊታቸው ተለዋወጠ። ሪፈሩን የጻፉት ቆመው ነው። እውነት ለመናገር እኚህ ሰው ሲጠይቁ ጎበዝ ሐኪም ናቸው፤ የሚያናድደኝም ይኸው ነው።

ከረጢቱ ተገኘ። ከገለታ ከረጢት በግማሽ ይበልጣል፤ ይህን እዚህ ላይ መጥቀሴ ለማስረጃ ያህል ነው፣ ምንም እንኳ በዚያ ሁኔታ ውስጥ ሆኜም ትንሽ ደስ ያለኝ መሆኑን ባልክድም። ዶክተር ኢዮሲያስ ውጤቱን አንብበው ከጨረሱ በኋላ መነጽራቸውን አወለቁና አንድ ነገር ጠየቁኝ።

«እስከ ዛሬ የት ነበሩ?»

ብዙ መልስ ነበረኝ። እዚህ ነበርኩ፣ ይኸው ወንበር ላይ ነበርኩ፣ ዳገት ይቀለኛል ብዬ ያሳቅሁዎት ሰውዬ እኔ ነኝ ልላቸው አስቤ ነበር። ግን አፌን ስከፍት ያ ፌስታል ትዝ አለኝና ዘጋሁት።

መጋቢት ላይ ቀዶ ሕክምና ተደረገልኝ። ሕመሙ ለቀቀኝ፤ ስድስት ዓመት አብሮኝ የኖረው ጉድ በአንድ ቀን ወጣ፤ ስለዚህ የማመሰግነው እግዚአብሔርን፣ የሆስፒታሉን ሐኪሞችና ያንን ካፖርት ነው። እግሬ ግን አልተመለሰም። ቀዶ ሕክምናውን ያደረጉልኝ ሐኪም በትዕግሥት አስረዱኝ፤ ነርቭ ለጊዜው ሲጫኑት ያማል፣ ብዙ ሲጫኑት ይደነዝዛል፣ ከዚያም አልፎ ሲቆይ ይሞታል። መደንዘዙና መዛሉ የጀመረው መቼ ነው ብለው ጠየቁኝ። የሆነ ጊዜ መርገጫው ከባድ እየመሰለኝ ስለመጣ ዘይት እቀባው ነበር፤ ያ ከመስከረም ወዲህ ነው። ያኔ ቢመጡ ኖሮ እግሩ የመትረፍ ዕድል ነበረው አሉኝ። አሁንም ቢሆን እስከ ዓመት እንጠብቅ ብለዋል፤ ሲናገሩ ግን እኔን ሳይሆን እግሬን ነበር የሚያዩት።

ስለዚህ ክቡርነትዎ፣ ርክክቡን በታማኝነት እንፈጽም። ከስድስቱ ዓመት ውስጥ ከመስከረም እስከ የካቲት ያሉት አምስት ወራት የእኔ ናቸው፤ በቅናት ያሳለፍኳቸው ስለሆነ ለማንም አልሰጥም። ቀሪውን አምስት ዓመት ከሰባት ወር እርስዎ ቢረከቡኝ ደስ ይለኛል፤ ከባድ ነው፣ ሲያነሱት ወገብዎን ይጠንቀቁ። እግሬ የሞተው በእኔ አምስት ወር ውስጥ መሆኑን አውቃለሁ። ይህን ለየሺ አልነገርኳትም፤ ለእርስዎ የነገርኩዎት እርስዎ ታማሚ ሲናገር የማይሰሙ ሰው ስለሆኑ ነው።

ካርዴ ላይ በስህተት «ጥበቃ» ተብሎ የተጻፈው እንዲታረምልኝ ማመልከቻ አላስገባም። ታርሟልና። ግራ እግሩ የማይረግጥ ሸማኔ የለም፤ ግቢያችን ያሉ ሰዎች ተነጋግረው ከሰኔ ወር ጀምሮ የዚያው ግቢ ጥበቃ አድርገው ቀጥረውኛል። በሩ ላይ ወንበር አለኝ። ከውስጥ የመወርወሪያው ድምፅ ይሰማኛል፤ ሳላየው የገለታን ከሌላው እለየዋለሁ፣ እሱ ግራውን ሲረግጥ ጠንከር ያደርጋል። ጉድጓዴ ባዶውን ነው፤ ገለታ ሌላ ሰው አላስቀምጥም ብሎ ይጣላል፤ ጋሼ ዓመት ሲሞላቸው ይመለሳሉ ይላል። አሁንም እቀናበታለሁ። ይህን የሚያህል ደግነት ከየት እንደሚያመጣው ግን ኤምአርአይም አያሳይም።

በመጨረሻም፣ ስለ አሥራ አምስት ጊዜ መስተንግዶዎ፣ ስለ ዲክሎፌናኩ፣ ካርድን እንደ ሰው፣ ሰውንም እንደ ካርድ ለማየት ስላላችሁ የረጅም ጊዜ ልምድ፣ ከፍ ያለ አክብሮቴን እየገለጽኩ፣ አምላክ ዕድሜና ጤና ሰጥቶ በዚያ ወንበርዎ ያቆይዎ ዘንድ፣ ወንበሩም ወገብዎን ሳያስቀይምዎ እንዲኖር እመኛለሁ።

ጤናዎን ከእርስዎ በላይ የሚመኝልዎ፣
ዘርዓብሩክ አጥናፉ
ጥበቃ
ሽሮ ሜዳ፣ ሐምሌ 2017 ዓ.ም.

ማስታወሻ፦ በግቢያችን ወገባቸውን የሚያማቸው ዘጠኝ ሸማኔዎች አሉ። ሕመማቸው የሁሉም ከረጢት እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ የማንኛቸው እንደሆነ ግን ካልታየ እኔም እርስዎም አናውቅም። ከሰኞ ጀምሮ በየተራ ይመጣሉ። አራቱ ጡረተኛ፣ ሦስቱ ጥበቃ፣ አንዱ ደላላ ነኝ ይልዎታል፤ እባክዎ እጃቸውን አይመልከቱባቸው። ዘጠነኛው ቤዛብሕ የሚባል ሠላሳ ዓመት ያልሞላው ልጅ ነው፤ ብንለምነውም እምቢ አለን፣ ሸማኔ ነኝ ብሎ ሊገባ ነው። ግራ እግሩን መጎተት ጀምሯል። ምን ተብሎ እንደሚመለስ በሩ ላይ ሆኜ አያለሁ፤ የገባውንና የወጣውን ማየት አሁን ሥራዬ ነው።